የሹመት ዜና ከጉባኤው ቀድሞ እንዳይወጣ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች

ኢምባርጎ፣ ማለትም ዜናን ለጋዜጠኛ አስቀድሞ ሰጥቶ እስከተወሰነ ጊዜ እንዳያወጣው መገደብ፣ ሕግ ሳይሆን ስምምነት ነው። ስለዚህ የሹመቱን ዜና ከመላክዎ በፊት ከጋዜጠኛው «ተስማምቻለሁ» የሚል የጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። ሳይስማማ ተልኮለት ቢያወጣው ጥፋቱ የላኪው ነው።

ገደቡን በሰዓት ብቻ አያስሩ። ከንቲባው ዕጩ ያቀርባል፤ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ጉባኤ ደግሞ ይረዝማል፣ አጀንዳም ይሸጋሸጋል። ከዜናው አናት ላይ «ቃለ መሐላው ተፈጽሞ ‹ተለቋል› የሚል መልእክት እስኪደርስዎ አይውጣ» ብለው በጉልህ ይጻፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ቀጠሮ ሲሞላ ነው። ስልኩ የሚያውቀው የ24 ሰዓቱን አቆጣጠር ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት 15:00 ነው። 9:00 ብለው ከሞሉ ዜናው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ማለትም 6 ሰዓት ቀድሞ፣ ምናልባትም ምልዓተ ጉባኤው ሳይሟላ ይወጣል። ለሹመት ዜና ቀጠሮ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ በእጁ ይልቀቀው።

ዜናውን ከጉባኤው 2 ሰዓት ቀድሞ መስጠት ይበቃል፤ ከአንድ ቀን በፊት የተሰጠ ያፈተልካል። ለኮምቦልቻ ሹመት ግን ከደሴ የሐረጎን ተራራ ወርዶ ለሚመጣ ጋዜጠኛ የመንገዱን ጊዜ ይጨምሩ። የድምፁን ውጤት ባዶ ይተዉት። «በሙሉ ድምፅ» ብሎ አስቀድሞ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ አንድ ተአቅቦ ከተመዘገበ ዜናው ሐሰት ይሆናል።

ወሬው የሚወጣው በጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። የሹመት ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ ያነሳ ሠራተኛ፣ አስቀድሞ የታዘዘ «እንኳን ደስ አለዎት» ባነር፣ በተሿሚው ስም የተሰየመ የፎቶ ፋይል ያወጡታል። ባነሩ ከቃለ መሐላው በኋላ ይታዘዝ። ከቦታው የሚነሳው ኃላፊም መነሣቱን ከፌስቡክ መስማት የለበትም፤ ከጋዜጠኞች በፊት ይነገረው።

ካፈተለከ ዝም አይበሉ። ገደቡን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ያንሱ። ምክር ቤቱ ገና ካላጸደቀ ግን «ዕጩ ሆነው ይቀርባሉ» ብቻ ይበሉ፤ «ተሾሙ» የሚለው ቃል አይጻፍ። ስምምነቱን ላፈረሰ ጋዜጠኛ ቀጣዩን ዜና አስቀድመው አይስጡ፤ ሲለቀቅ ግን እንደሌሎቹ ያግኝ። ቃሉን የጠበቀው ባልደረባ ከአዲሱ ተሿሚ ጋር የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ቢያደርግ ፍትሐዊ ነው።