ከጣሳ የተሠራ የአልኮል ምድጃ፦ የጎን ቀዳዳዎቹ እሳት አልይዝ ሲሉ

ከሁለት የለስላሳ ጣሳዎች የምትሠራ የካምፕ ምድጃ ቀናት ፈጅታብኛለች። እናንተ እንዳትለፉ መፍትሔው ይኸውላችሁ።

ምልክቱ ይሄ ነበር፦ አልኮሉ መሃል ላይ ደህና ይነዳል፣ በጠርዙ ዙሪያ ያሉት ቀዳዳዎች ግን እሳት አይዙም። ድስት ሲጣድ ጭራሽ ይጠፋል።

ቀዳዳ ጨመርኩ፣ አልሆነም። በወፍራም መርፌ ሳሰፋቸው ባሰበት፤ ቀዳዳው ሲሰፋ የእንፋሎቱ ግፊት ይወርዳል። አልኮል ብጨምርም ያው ነው።

ነገሩ ያለው የውስጡ ግድግዳ ላይ ነው፤ ማለትም በተገጣጠሙት ሁለት የጣሳ ግማሾች ውስጥ ክብ ሆኖ የሚቆመው፣ መሃሉን ከጎን ቀዳዳዎቹ የሚለየው። ይሄ የአሉሚኒየም ጥቅል ትንሽ ካጠረ እንፋሎቱ በላዩ አልፎ ወደ መሃል ያመልጣል፣ ለጎን ቀዳዳዎቹ ምንም አይደርሳቸውም። ላይም ታችም በጣሳዎቹ ቂጥ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ ግጥም እንዲል ረዘም አድርጌ ቆረጥኩት፤ አልኮሉ እንዲያልፍ ብቻ የታች ጠርዙን ሦስት ቦታ በመቀስ ጫፍ ነካ ነካ አደረግኩት። ሁለቱ ግማሾች ሲገጣጠሙ ጠርዙ እየተሰነጠቀ ካስቸገራችሁ፣ ያልተከፈተ ሙሉ ጣሳ የታችኛው ግማሽ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ግፉበት፣ አፉን ያሰፋዋል። በጣም የምወዳት ዘዴ ናት!

ከለኮሳችሁ በኋላ ታገሱ። ኤታኖል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ መጀመሪያ ጣሳው መሞቅ አለበት፤ ከዚያ ትንንሽ ሰማያዊ ምላሶች አንድ በአንድ ዙሪያውን ብቅ ይላሉ። ድስቱን ያኔ ከፍ ባለ የሽቦ ማስቀመጫ ላይ ጣዱት።

የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። ጠፍቷል ብላችሁ በላዩ አልኮል እንዳትጨምሩ፣ መጀመሪያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ድንኳን ውስጥም በፍጹም አታንድዱት።