ሳንባዬ ላይ ደም ረግቶ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ

ሆስፒታል የተኛሁት አምስት ቀን ነው። ማገገሙ ግን ወራት ፈጀብኝ። የተሰበረው እግሬ ጄሶው በወጣለት ሰሞን፣ ባቴ ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባዬ ገባ። ቤት ስገባ የያዝኩት አንድ ካርቶን መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ነበር። የቀረውን እየኖርኩ ነው የተማርኩት።

ከመድኃኒቱ ልጀምር። ደም ማቅጠኛ ይባላል እንጂ ደም አያቀጥንም፤ የረጋውንም አያሟሟም። አዲስ እንዳይረጋ፣ ያለውም እንዳያድግ ይከላከላል። የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ሰውነታችን ራሱ ነው። ይህ ሲገባኝ ነው «እስካሁን ለምን አልዳንኩም?» እያልኩ መጨነቅ የተውኩት። ሻል ሲላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፣ አደራ። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 3 ወር ይወሰዳል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገውም አለ። የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ለእኔ የታዘዘልኝ ሪቫሮክሳባን ነው። ለ21 ቀን 15 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ከዚያ 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር። መጠኑ የሚቀየርበትን ቀን ካላንደር ላይ በቀይ ከበብኩት፤ ስልኬንም በሰዓቱ እንዲጮህ ሞላሁት። የእናንተ መድኃኒትና መጠን ሊለይ ስለሚችል ወረቀታችሁን እዩ። ዋርፋሪን የተባለውን ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ ሳያሳልፍ ማድረግ አለበት። አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል አይከለከልበትም፤ መጠኑ ግን አንድ ሳምንት በዝቶ ሌላ ሳምንት አይጥፋ።

እግሬን ሲያመኝ አይቡፕሮፌን ልገዛ ነበር። ፋርማሲስቷ ናት ያስቆመችኝ። እሱም ዳይክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻም ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰዱ ደም የመፍሰስ አደጋ ይጨምራሉ። ፓራሲታሞል ሰጠችኝ። ጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄዱም መጀመሪያ ደም ማቅጠኛ እንደምትወስዱ ተናገሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ፀጉሬን ታጥቤ ስጨርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጬ መታጠብ ጀመርኩ። ከዚያ ከመኝታ ቤት እስከ በር፣ ቀጥሎ 5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 10 ደቂቃ መራመድ። እየተራመድኩ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተኝ እዘገያለሁ። በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደሄድኩ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደህና ከዋልኩ ማግስት ከአልጋ መነሳት የከበደኝ ቀን ብዙ ነው። ያኔ ደብተሩን ወደ ኋላ ስገልጥ እፎይ እላለሁ።

ሌሊቱ ይከብዳል። ደረቴን ትንሽ ወጋ ሲያደርገኝ «ተመለሰብኝ» ብዬ እደነግጣለሁ። ፍርሃቱን ለእህቴ መንገሬ ረዳኝ። ግን ጥርጣሬ ሳይኖር ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ነገሮች አሉ፦ በድንገት የመጣ ወይም የባሰ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ አዲስ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ራስን መሳት። ጥቁር ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ አልቆም ያለ ነስርም እንደዚያው። ጭንቅላታችሁ ከተመታ ደህና ብትመስሉም ሂዱ። የአንድ እግር ማበጥም በዚያው ቀን ይታይ።

በ3 ወሩ ቀጠሮ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። «ደህና ነኝ» ከማለት ይልቅ ደረጃ ስወጣ የት ላይ እንደምቆም ለሐኪሙ አሳየሁት። አልፎ አልፎ የረጋው ደም ሳይሟሟ እንደ ጠባሳ ቀርቶ የሳንባን ደም ስሮች ግፊት ይጨምራል፤ የራሱ ምርመራና ሕክምና አለው። ሐኪሙ ገጾቹን አንድ በአንድ አየና የልብ አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። ውጤቱ ደህና ሆነ። በዚያ ቀን 25 ደቂቃ ሄድኩ ብዬ ጻፍኩ።