የአዲስ ዓመት ዕቅድ በአራት ዓምድ፦ ከሂንዱ ሥነ ምግባር የተማርኩት አጻጻፍ

ጳጉሜ ሲገባ አንድ ልማድ አለኝ። ከአራት ኪሎ ተነስቼ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ፒያሳ በእግሬ እወጣለሁ፣ ማኪያቶ አዝዤ ደብተር እከፍታለሁ። ስልክ ላይ አልጽፍም። ስልክ ላይ የተጻፈ ዕቅድ መስከረም ሳያልቅ ይረሳል።

ድሮ የምጽፈው ዝርዝር እናንተም የምታውቁት ነው። መኪና መግዛት፣ ማስተርስ መጨረስ፣ አሥር ኪሎ መቀነስ፣ የደረጃ ዕድገት ማግኘት። ጥር ላይ ደብተሩን ከመሳቢያ ሳወጣው ግን የምበሳጨው በራሴ ነበር። ይህን የቀየረልኝ ስታዲየም አካባቢ አንድ ቢሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ህንዳዊ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ዝርዝሬን አይቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ከእነዚህ ውስጥ በእጅህ ያለው የቱ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት እየቀነጨበ የነገረኝንና እኔም ራሴ አንብቤ የጨመርኩበትን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ሃይማኖት ቀይሩ እያልኩ አይደለም። ጾማችሁን ጹሙ፣ ሶላታችሁን ስገዱ። ሂንዱነት ራሱ ብዙ ጅረት ያለው ሰፊ ነገር ነው፣ እኔ የምወስደው ግብ ስለማውጣት የሚያስተምረውን ክፍል ነው።

መጀመሪያ አንድ ገጽ በአራት ዓምድ ክፈሉ። የሂንዱ ሊቃውንት የሰው ልጅ የሚፈልጋቸው አራት ነገሮች አሉ ይላሉ፣ ፑሩሻርታ ይሏቸዋል። ዳርማ ትክክል የሆነው፣ የሚገባችሁ ግዴታ ነው። አርታ ሀብት፣ ሥራና አቅም ነው። ካማ ደስታ፣ ፍቅርና ውበት ነው። ሞክሻ ደግሞ ነፃ መውጣት ነው። በየዓምዱ ቢያንስ አንድ መስመር ጻፉ፣ ከሦስት በላይ ግን አትጻፉ።

አርታ ላይ አትፈሩ። ብዙዎቻችን ገንዘብ እፈልጋለሁ ብሎ መጻፍ ያሳፍረናል፣ በልባችን ግን ከዚያ ሌላ አናስብም። ካውቲልያ የሚባለው ጥንታዊ የመንግሥት አስተዳደር ሊቅ ዳርማም ካማም የሚቆሙት በአርታ ላይ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል። የቤት ኪራይ ያልከፈለ ሰው ለእናቱ መድኃኒት ሊገዛ አይችልም፣ ነገሩ ይኼው ነው። ስለዚህ ዕቁቡን ጻፉት፣ ሁለተኛ ሥራውንም ጻፉት። ግን ያው ሰውዬ ሌላም ነገር ብሏል። ከዳርማ፣ ከአርታና ከካማ አንዱን ከልክ በላይ ያሳደደ ሰው ሌሎቹን ብቻ ሳይሆን ያንን ራሱንም ይጎዳል ይላል። ገንዘብ ሲያሳድድ ጤናውን አጥቶ ያጠራቀመውን ለሕክምና የጨረሰ ሰው ስንት አይተናል።

ካማ የምትለዋ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ትቀራለች። እኛ ጋ ደስታን ማቀድ እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። ባጋቫድ ጊታ በሚባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ክሪሽና ራሱ፣ አምላክ ሆኖ እየተናገረ፣ «ከዳርማ ጋር የማይጣላ ምኞት እኔ ነኝ» የሚል ቃል አለው፣ ምዕራፍ 7 ቁጥር 11 ላይ። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ማሲንቆ መማር ከፈለጋችሁ ጻፉት። ከባለቤታችሁ ጋር በሳምንት አንድ ምሽት መውጣትም ግብ ነው።

ዳርማ ላይ ትልቅ ነገር አትፈልጉ። የቤት ሠራተኛችሁን ደመወዝ ወር ሳይሞላ አዘጋጅቶ በቀኑ መስጠት፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ፣ የእድር ቀን አለመቅረት፣ እነዚህ ናቸው። ሞክሻ ደግሞ ለሂንዱዎች ከመወለድና ከመሞት ዑደት መውጣት ማለት ነው። እኔ በዚያ አላምንም፣ ግን ቃሉን ወደ «ጭንቀት መቀነስ» ማውረድም አልፈልግም። እዚያ ዓምድ ላይ ከፈጣሪዬ ጋር ያለኝን ነገር ነው የምጽፈው። እናንተም የራሳችሁን ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጻፋችሁት ላይ ፍሬውን ንቀሉት።

ጊታ 18 ምዕራፍና 700 ቁጥር አለው። ማሃባራታ የሚባለው የትልቁ ገድል አካል ነው። ነገሩ የሚጀምረው በጦር ሜዳ ነው፣ ተዋጊው አርጁና ከፊቱ ዘመዶቹንና መምህሮቹን ሲያይ ጉልበቱ ከዳውና ቀስቱን ጥሎ ተቀመጠ። ሠረገላውን የሚነዳው ክሪሽና ነው፣ መጽሐፉም ሁለቱ የሚነጋገሩት ነው። ምዕራፍ 2 ቁጥር 47 ላይ ክሪሽና የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሥልጣንህ በሥራው ላይ ነው፣ በፍሬው ላይ ፈጽሞ አይደለም። ያ ህንዳዊ ጓደኛዬ የጠየቀኝ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር እንደገና ጻፉት። «ጨረታ ማሸነፍ» የሚለውን ሰርዙት፣ ማሸነፉ በሌላ ሰው እጅ ነውና። «በየወሩ ሁለት የጨረታ ሰነድ በጥንቃቄ አዘጋጅቼ አስገባለሁ» በሉት። «አሥር ኪሎ መቀነስ» የሚለውን «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ወጥቼ 40 ደቂቃ እራመዳለሁ» በሉት። «ልጄ አንደኛ እንዲወጣ» ከሆነ ደግሞ «ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ቴሌቪዥን ዘግቼ አብሬው እቀመጣለሁ»። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ግን ማታ ስትተኙ ሠርቻለሁ ወይስ አልሠራሁም ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቃችሁ መልስ የምታገኙት በሁለተኛው አጻጻፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፍሬው የእኔ ካልሆነ ለምን እለፋለሁ? ያው ቁጥር መጨረሻው ላይ ይህንንም ዘግቶታል፣ ሥራ አለመሥራትም አይጣብቅብህ ይላል። ሰነዱን በግዴለሽነት አስገብቶ «በቃ ውጤቱ የፈጣሪ ነው» ማለት ፍሬን መተው ሳይሆን ሥራን መተው ነው።

ቀጥሎ ግቡ የማን እንደሆነ መርምሩ። እኛ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንላለን። ጊታም ምዕራፍ 3 ቁጥር 35 ላይ የሌላውን ዳርማ አሳምሮ ከመሥራት የራስን አጉድሎም ቢሆን መሥራት ይሻላል ይላል። እኔ ማስተርስ የጀመርኩት ጓደኞቼ ሁሉ ስለጀመሩ ነው። ቢዝነስ ማኔጅመንት። ከሥራ በኋላ ማታ እየተማርኩ፣ በታክሲ ሰልፍ እየተንገላታሁ፣ የከፈልኩት ገንዘብ እያንገበገበኝ ሁለት ሴሚስተር ቆየሁና ተውኩት። ትምህርቱ መጥፎ ስለነበር አይደለም። የእኔ ስላልነበረ ነው። እያንዳንዱን መስመር ጣት ላዩ አድርጋችሁ «ይህን ማንም ሰው ባያውቅልኝ እሠራዋለሁ?» በሉ። መልሱ አይ ከሆነ ሰርዙት።

ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ «የራስህ ዳርማ» የሚለው ሐሳብ በታሪክ ከዘር መደብ ጋር ተያይዞ ሰውን በተወለደበት ሥራ ለማሰር ውሏል። በዚያ የተጎዱት ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነሱ ወገን የተወለደው አምቤድካር ይህን አጥብቆ ተቃውሟል፣ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራውም እሱ ነው፣ በ1950 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ላይ ሰውን «የማይነካ» ማለትን ከልክሏል። እኛም ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው የናቅን ሕዝብ ነን። ስለዚህ «የራስህ» ሲባል አባትህ የሠራው ማለት እንዳይመስላችሁ። ተሰጥኦአችሁና ያላችሁበት ዕድሜ ማለት ነው። ዕድሜም ቁም ነገር አለው፣ ሂንዱዎች ሕይወትን በአራት ይከፍሉታል፦ ተማሪ፣ ባለትዳር፣ ከሥራ ገለል ያለ፣ ሁሉን የተወ። ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት የመናኝን ዕቅድ አውጥታ ባትችል ራሷን አትውቀስ።

ከዚያ የቀረውን በአምስት ወንፊት አሳልፉት። ፓታንጃሊ በዮጋ ትምህርቱ ያማ ብሎ የሚዘረዝራቸው ናቸው፦ አለመጉዳት፣ እውነት፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ አለማግበስበስ። ለምሳሌ ሰፈር ውስጥ ግሮሰሪ ልከፍት ነው ካላችሁ፣ ሌሊት የሚጮኸው ሙዚቃ ከግድግዳ ወዲያ ያሉትን አዛውንት አያስተኛም። ያ አሂምሳን ይነካል፣ አለመጉዳትን። ዕቅዱን ጣሉት አይደለም፣ ሙዚቃውን ቀንሱ። አለመስረቅ ላይ የሌላ ሰው ሰዓትም ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ፣ አራት ሰዓት ቀጥሮ አምስት ሰዓት ተኩል መምጣት እዚህ ይገባል።

ወንፊቶቹ እርስ በርስ የሚጋጩበት ጊዜም አለ። ማሃባራታ ውስጥ ካውሺካ የሚባል ባሕታዊ አለ። ሁልጊዜ እውነት እናገራለሁ ብሎ ተሳለ። ሰዎች ከወንበዴ ሸሽተው ጫካ ተደበቁ፣ ወንበዴዎቹ መጥተው ጠየቁት፣ እሱም ያሉበትን በእውነት ነገራቸው። ሰዎቹ ተገደሉ። ካውሺካም ገሃነም ገባ። ይህን ታሪክ የሚናገረው ክሪሽና ነው። «ዘንድሮ ፊት ለፊት ተናጋሪ እሆናለሁ» ብላችሁ የምትጽፉ ሰዎች አደራ ይህን አስቡት። ጊታም ምዕራፍ 17 ላይ ጥሩ ንግግር እውነት፣ ለሰሚው ደስ የሚል፣ የሚጠቅምና የማያስቆጣ ነው ይላል፣ አራቱም አንድ ላይ።

አሁን ንጹሕ ገጽ አውጡና ሳንካልፓ ጻፉ። ሳንካልፓ ቁርጥ ሐሳብ ማለት ነው። ሂንዱዎች ሥርዓተ አምልኮ ሲጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስማቸውንና ሊሠሩ ያሰቡትን ጮክ ብለው ይናገራሉ። እንደ ውል ነው። እናንተም «ዛሬ ጳጉሜ 3 ቀን፣ አዲስ አበባ፣ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ እኔ እገሌ የእገሌ ልጅ» ብላችሁ ጀምሩ። ከእኛ ስለት ጋር እንዳታምታቱት። ስለት ላይ «ይህ ቢሆንልኝ ይህን አገባለሁ» ነው የምንለው፣ ማለትም ፍሬው ይቀድማል። ሳንካልፓ ላይ «ቢሆን» የለም። ሥራው ብቻ አለ።

ምስክርም ይኑራችሁ። ጋንዲ በ1888 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ለትምህርት ወደ ለንደን ሲሄድ እናቱ ፊት ሥጋ፣ መጠጥና ሴት እንደማይነካ ተሳለ። ለንደን ላይ የሚበላው አጥቶ ሲቸገር፣ ጓደኛ ሲጎተጉተው፣ ያጸናው ያ ቃል ነው። ስታዲየም አካባቢ በስሙ የሚጠራውን የእናቶች ሆስፒታል ሳልፍ ይህ ትዝ ይለኛል። ለእናታችሁ ወይም ለአንድ ጓደኛችሁ አንብቡላቸው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉት፣ ገና ሳይሠራ ጭብጨባ የሚያገኝ ዕቅድ ይሰንፋል።

ከዚያ በየወሩ በ1 ቀን አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ አንብቡት። የሠራችሁትን ብቻ ቁጠሩ፣ ያገኛችሁትን አትቁጠሩ። ሁለት ወር በተከታታይ ያልተነካ መስመር ካለ አሳንሱት፣ አርባው ደቂቃ አሥራ አምስት ይሁን።

እኔ ዘንድሮ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬን ዘግቼ ከእናቴ ጋር ቡና ለመጠጣት ጽፌያለሁ። ዳርማ ውስጥ ይግባ ካማ ውስጥ ብዙ አሰብኩበት። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ዓምድ ላይ ጻፍኩት።