የስዊች ሙቀት አለርት ሲመጣ ቶሎ አትዝጉት
ደብረ ማርቆስ ያላችሁ የኔትወርክ ልጆች፣ ስዊቹ (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን) የሙቀት አለርት ሲያመጣ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የትኛው ሴንሰር እንደጮኸ እዩ። አየር መግቢያው ላይ ያለው ከ27 ዲግሪ በላይ እየሄደ ከሆነ ችግሩ ክፍሉ ነው፣ ኤሲው ጠፍቶ ይሆናል፤ መግቢያው ደህና ሆኖ ውስጡ ብቻ ከጋለ ግን ፋኑን ነው ማየት፣ ዙሩ ወርዶ እንደሆነ ሞኒተሪንጉ (መሣሪያዎቹን የሚከታተለው ሶፍትዌር) ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ ባለፈው በጋ ሶስት ቀን ሙሉ ሴንሰሩን ስራገም ከርሜ ፋኑን ስነቅለው የአቧራው ነገር፣ የጤፍ አውድማ በሉት! ደሞ ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፣ ስለዚህ ማንዋሉ ላይ ለከፍታ ስንት ዲግሪ እንደሚቀነስ አይታችሁ የአለርቱን ገደብ በዛው ልክ አውርዱት።