ቫሪስተር እንዴት ይተኮሳል? ቮልቱ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው

የተቃጠለ ዲቫይደር ፈታታችሁ ታውቃላችሁ? ጥሩ ዲቫይደር ከሆነ ውስጡ የኮት ቁልፍ የምታክል ክብ ነገር አለች። ቫሪስተር ትባላለች። እንደ ጀበና የተተኮሰች ሴራሚክ ናት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቱ ካሻቀበ፣ ትርፉን በራሷ በኩል ታሳልፈዋለች። አራት ኪሎ አካባቢ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራት እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ዱቄቱ። ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ጥቂት ቢስሙዝ፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጨምሩ። ማስክና ጓንት አድርጉ። በአልኮል አርጥባችሁ በሙቀጫ ፍጩት፤ አድርቁትና በፕሬስ ሦስት እኩል እንክብል አውጡ።

ከዚያ ምድጃ። አንዱን 1000፣ አንዱን 1100፣ አንዱን 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ተኩሱ። በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመራችሁ ውጡ፤ ጫፉ ላይ 2 ሰዓት አቆዩት፤ እዚያው ይቀዝቅዝ። መክደን እንዳትረሱ፣ ቢስሙዙ ይተናል።

አንድ ቀን 800 ላይ መብራት ጠፋብኝ። እንክብሉን ሳነሳው እንደ ጠመኔ ጣቴ ላይ ቀረ። ቢስሙዝ ኦክሳይድ ብቻውን የሚቀልጠው 817 ላይ ነው፤ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ሲሆን ግን 740 አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። የእኔው ገና ለመጠቅጠቅ ጊዜ አላገኘም ነበር! ሲቀልጥ በቅንጣቶቹ መሃል ሰርጎ ያቀራርባቸዋል። ቀዳዳው ይደፈናል፣ እንክብሉ ይኮማተራል። ሙቀቱ ከዚያም ሲጨምር ትልልቁ ቅንጣት ትንንሹን እየዋጠ ያድጋል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቮልቱን የሚይዘው ቅንጣቱ ሳይሆን ሁለት ቅንጣቶች የሚገናኙበት ድንበር ነው። አንዱ ድንበር ወደ 3 ቮልት ይችላል። እስቲ አስሉት፦ ቅንጣቱ 10 ማይክሮሜትር ከሆነ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ 100 ያህል ድንበር አለ፤ 300 ቮልት ማለት ነው። ቅንጣቱ 20 ከደረሰ 150 ብቻ። የቤታችን 220 ቮልት ደግሞ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ስለሆነ ጫፉ 311 ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱም ገና ሲሰኩ ማሳለፍ ይጀምራሉ፣ ግለውም ይቃጠላሉ። ባለ 10ሩን 1.5 ሚሊሜትር ብታወፍሩት ግን 450 ይሸከማል።

አሁን ለኩ። ክብደቱን ለይዘቱ አካፍሉ፤ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ5.3 ግራም ካለፈ በደንብ ተጠቅጥቋል። ሁለቱን ፊት ብር ያለው ቅብ ቀቡና 1 ሚሊአምፔር የሚያልፍበትን ቮልት መዝግቡ። ይሄ ቮልት ይገድላል፤ መከላከያ ሬዚስተር ሳታስገቡ፣ ብቻችሁን ሆናችሁም አትሞክሩት። ቮልቱን ለውፍረቱ አካፍላችሁ ሦስቱን ጎን ለጎን ጻፉ። የ1200ው ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ።