የአቮካዶ ቅቤ፦ ያለ እሳት የሚቀመም

ቅቤ መቀመም ለእኛ አዲስ ሙያ አይደለም። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹና እርዱ ገብቶበት ሲነጠር ሽታው ጎረቤት ድረስ ይደርሳል። ንጥር ቅቤ ግን ጣዕሙን የሚያገኘው ከእሳት ነው፤ ውሃው ይተንናል፣ ዝቃጩ ይጠለላል፣ የሚቀረው ቅመም የጠጣ ንጹሕ ስብ ነው። የአቮካዶ ቅቤ አሠራሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቅቤው ይለሰልሳል እንጂ አይቀልጥም፤ ውሃውም አብሮት ይቆያል። ፈረንሳዮች ለስላሳ ቅቤን በፐርስሊና በሎሚ ለውሰው፣ አቀዝቅዘው፣ ቆራርጠው ትኩስ ሥጋ ላይ ያስቀምጡታል። የእኛው ደግሞ አቮካዶ ይጨመርበታል።

አብዛኞቻችን አቮካዶን የምናውቀው በጭማቂ ቤት ብርጭቆ፣ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር ተደራርቦ፣ ስኳር ወይም ቪምቶ ፈስሶበት ነው። ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን አቮካዶ ከስኳር ይልቅ ከጨውና ከሎሚ ጋር ይስማማል ባይ ነኝ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። የገበታ ቅቤ ከ100 ግራሙ 80 ግራም ያህሉ ስብ ነው። አቮካዶ ደግሞ ቅባታም ቢባልም ከ100 ግራሙ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ውሃን ከስብ ማስታረቅ ነው፤ የሚያስታርቃቸውም ትክክለኛ ሙቀትና ትዕግሥት ነው።

የሚያስፈልገው 200 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ ሥጋው 150 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ መካከለኛ አቮካዶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ትንሽ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣለት ግማሽ ቃሪያ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ የድንብላል ቅጠል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከተገኘ ሩብ የሻይ ማንኪያ ተቆልቶ የተፈጨ ከሙን ነው። የድንብላል ቅጠል ሽታው የማይስማማው ሰው ብዙ ነው፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ትኩስ በሶብላ ይተካለታል፤ እንዲያውም ይበልጣል።

በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣውን የገበያ ለጋ ቅቤ ለዚህ አልመክርም። ጣዕሙን ጠልቼ አይደለም። ያልተፈላ ወተት ቅቤ ስለሆነና እዚህ ምንም እሳት ስለማይነካው ነው። ንጥር ቅቤም አይሆንም፤ የራሱ ቅመም አለው፣ ሲቀዘቅዝም ይሻክራል፣ የአቮካዶውንም ውሃ አይቀበልም።

1. አቮካዶውን መምረጥ። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ጥሬ ከሆነ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ሙዙ የሚለቀው ጋዝ ያፈጥነዋል። ቀለሙን ብቻ አይተው አይፍረዱ። ሐስ የሚባለው ዝርያ ሲበስል ይጠቁራል፤ ፉዌርቴና ኢቲንገር ግን በስለውም አረንጓዴ ናቸው። በጣት ጫና ማድረግም በመሃሉ ሳይሆን ከዛፉ ጋር በተያያዘበት በግንጪው በኩል ይሁን፤ ትንሽ ከሰመጠ ደርሷል። ግንጪውን ነቅለው ከሥሩ አረንጓዴ ካዩ ውስጡ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ቡናማ ከሆነ ግን ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል።

2. ቅቤውን ማለስለስ። ከማቀዝቀዣ አውጥተው በትንንሹ ይቁረጡትና ክፍል ውስጥ ይተዉት። ጣት ሲጫነው ያለ ድካም የሚሰረጉድ፣ ግን ቅርጹን ያልለቀቀ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ይህ ረጅም ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ቆላ አገር ላይ ደግሞ ዞር ሲሉ ይቀልጣል። ቢቸኩሉም ምድጃ ላይ አይጣዱት። አንዴ የቀለጠ ቅቤ ተመልሶ ቢረጋም እንደ አሸዋ ይሻክራል እንጂ የቀድሞ ልስላሴውን አያገኝም።

3. ነጭ ሽንኩርቱን ከጨውና ከቃሪያው ጋር በሙቀጫ መውቀጥ። እንደ ሊጥ እስኪልም ድረስ ይውቀጡት፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ጥርስ ላይ ከተሰበረ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይገዛል። ከፈለጉ ከነልጣጩ ጠበስ አድርገው ይውቀጡት፣ ይለዝባል።

4. አቮካዶውን ማላም። ሥጋውን ዘርግፈው ወዲያው ሎሚውን ያፍስሱበት። የተቆረጠ አቮካዶ የሚጠቁረው አየር ሲያገኘው በውስጡ ያለው ኢንዛይም ሥራ ስለሚጀምር ነው፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ያንን ያዘገየዋል። ፍሬውን ሳህኑ ውስጥ መልሶ መክተት ጥቁረት ይከላከላል የሚባለው ግን ፍሬው ለሸፈናት ለዚያች ቦታ ብቻ ነው የሚሠራው። በሹካ ከደቀቀ በኋላ በወንፊት ያሳልፉት። በተለይ ከዘር የበቀለ የጓሮ አቮካዶ ክር ይበዛዋል፣ ቅቤ ላይ ደግሞ ክር ደስ አይልም።

5. ማዋሐድ። መጀመሪያ ቅቤውን ብቻውን በእንጨት ማንኪያ ወይም በመምቻ ነጣ እስኪል ይምቱት። ከዚያ አቮካዶውን በማንኪያ እያደረጉ ይጨምሩ፤ የመጀመሪያው ሳይጠፋ ሁለተኛው አይገባም። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ውሃ ያቀረረ፣ እንደ አይብ የተቋጠረ ነገር ያገኛል። እንዲህ ከሆነ አይድፉት። ሳህኑን ሙቅ ውሃ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አስቀምጠው አውርደው አጥብቀው ይምቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የችግሩ ምንጭ በአመዛኙ አቮካዶው ከማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ መውጣቱ ነው፤ ሁለቱም የክፍሉ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። በመጨረሻ የተወቀጠው፣ ቅጠሉና ከሙኑ ይገባሉ። የኤሌክትሪክ መፍጫ መጠቀም ይቻላል፤ ሲሽከረከር ስለሚያሞቅ ግን እያረፉ ይሁን።

6. መጠቅለል። የመጋገሪያ ወረቀት ላይ አፍስሰው እንደ ቋሊማ ያድቦልቡሉት፣ ሁለቱን ጫፎች እንደ ከረሜላ ይጠምዝዙ፣ ከውጭም አየር በማያስገባ ላስቲክ ይደግሙት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይበቃዋል። እንደ ተራ ቅቤ ድርቅ ብሎ አይረጋም፤ ለመቁረጥ በሙቅ ውሃ የተነከረ ቢላዋ ይጠቀሙ።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ክልከላ ብቻ አለኝ፦ መጥበሻ ላይ አይጨምሩት። አቮካዶ እሳት ሲበዛበት ይመራል። ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ግን ጣል ያድርጉበትና በራሱ ሙቀት ይቅለጥ። በጥብስ ላይ፣ በተጠበሰ ዓሣ ላይ፣ በተቀቀለ ድንች ላይ ይሄዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክረምት ላይ በከሰል የተጠበሰ እሸት በቆሎ ነው፤ ትኩሱን በቆሎ በዚህ ቅቤ አሽተው ሚጥሚጣ ይነስንሱበት። ለድፎ ዳቦ የሚቀባ ከፈለጉ አቮካዶውን ከቅቤው እኩል ያድርጉት፤ ይለሰልሳል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል።

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በስብ ውስጥ ታሽጎ ክፍል ውስጥ ማደር የለበትም፤ አደገኛ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ያቆዩት። ለበለጠ ጊዜ ከፈለጉ በክብ በክቡ ቆርጠው በረዶ ቤት ያስገቡት፤ ከዚያ የሚያስፈልግዎትን ያህል አንድ አንዱን ያወጣሉ። ውጩ ቢደበዝዝ አይደንግጡ፤ ሽታው እስካልተለወጠ ድረስ ላዩን ፋቅ ማድረግ ነው።

በጾም ወቅት በገበታ ቅቤው ፋንታ የአትክልት ማርጋሪን መግባት ይችላል፤ አንዳንዱ ማርጋሪን ወተት ስላለበት የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብበው ይግዙ። ማርጋሪን ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚኖረው ደግሞ ከላይ የተጠቀሰውን ጨው ትተው፣ ቀምሰው ይጨምሩ።