ለሽቦ አልባ መሣሪያና ለተሽከርካሪ የሚሆን ፒሲቢ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ሲነደፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለባጃጅ የሚሆን የጂፒኤስ መከታተያ ቦርድ ነድፌ ባስገጠምሁ ጊዜ፣ መሣሪያው ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ከሠራ በኋላ፣ ባጃጁ ወደ ዘጌ አቅጣጫ በወጣበት ቀን በየደቂቃው እየጠፋ እንደ አዲስ ይነሣ ጀመር። ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ ከልሼ ምንም አላገኘሁበትም። ጥፋቱ የነበረው እኔው በሣልሁት አንድ ቀጭን የመዳብ መስመር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ይኸው ነው፤ የኃይል መስመርን እንደ ሲግናል መስመር አቅጥኖ መዘርጋት። መረጃውን በሞባይል ኔትወርክ የሚልከው የ2ጂ ሞጁል ከኔትወርክ ማማው ሲርቅ በሙሉ ኃይሉ ያስተላልፋል፤ በዚህ ጊዜ እስከ 2 አምፔር የሚደርስ ከረንት ይስባል፤ ያውም በአንድ ወጥ ሳይሆን በሰከንድ 217 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ577 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ። እኔ ከባትሪው እስከ ሞጁሉ የዘረጋሁት መስመር ስፋቱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ስለነበር፣ በተለመደው የ35 ማይክሮ ሜትር የመዳብ ውፍረት ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ገደማ ነበር። በ2 አምፔር 0.2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የግራውንድ መስመርም እንደዚያው ቀጭን ስለነበር ሌላ 0.2 ቮልት በላ፤ ከባትሪው በ3.7 የተነሣው ቮልቴጅ ሞጁሉ ጋ ሲደርስ 3.3 ሆነ፤ ሞጁሉ ደግሞ ከ3.4 በታች መሥራት አይችልም። መልቲሜትሬ አማካዩን ብቻ ስለሚያነብ ችግሩን ጨርሶ አላሳየኝም። የመስመር ስፋት የሚያሰሉ ሰንጠረዦች የሚናገሩት ስለ መስመሩ መሞቅ እንጂ ስለ ቮልቴጅ መውደቅ ስላልሆነ፣ ሁለተኛውን ነዳፊው ለብቻው ማስላት አለበት። ኃይሉን በሰፊ የመዳብ ሜዳ ማድረስ፣ ቢያንስ 100 ማይክሮፋራድ የሆነና የውስጥ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ ካፓሲተርም ከሞጁሉ እግር ሥር ማስቀመጥ ይገባል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን ግራውንዱን መቆራረጥ ይመስለኛል። ከረንት ሄዶ አይቀርም፤ የሄደው ሁሉ ይመለሳል፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የሚመለሰው አጭሩን መንገድ መርጦ ሳይሆን በሄደበት መስመር ልክ ሥር ለሥር ነው። ከታች ያለው የግራውንድ ሜዳ እዚያ ቦታ ላይ በሌላ መስመር ከተሰነጠቀ፣ ተመላሹ ከረንት ዞሮ ለመምጣት ይገደዳል፤ ዙሪያው የሚፈጥረው ሉፕም ማንም ሳያስበው አንቴና ይሆናል። ብዙዎች የአናሎጉንና የዲጂታሉን ግራውንድ መለየት ጥንቃቄ መስሏቸው ሜዳውን ለሁለት ይከፍሉትና፣ መልሰው በክፍተቱ ላይ መስመር ያሻግራሉ። እኔ ፋይሉን ወደ ፋብሪካ ከመላኬ በፊት ሁለቱን ሌየሮች (የመዳብ ንጣፎች) በትክክለኛ መጠናቸው በወረቀት አትሜ፣ አደራርቤ መስኮት ላይ በመለጠፍ የፈጣን ሲግናሎችን የመመለሻ መንገድ በጣቴ እከተላለሁ። ጣቴ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው።

የአንቴና ጉዳይ ብዙም የሚያከራክር አይደለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የዋይፋይ ወይም የብሉቱዝ ሞጁል አንቴናው ከቦርዱ ጠርዝ ላይ መውጣት፣ ከሥሩም በየትኛውም ሌየር ላይ መዳብ አለመኖር አለበት፤ በብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ይሠራል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው። ሲግናሉን ወደ አንቴናው የሚያደርሰውን የ50 ኦም መስመር በተመለከተ ከሌላ ሰው ቦርድ ላይ ስፋቱን መቅዳት ያሳስታል፤ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር በሆነ ባለ ሁለት ሌየር ፋይበርግላስ ቦርድ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚፈልገው መስመር፣ ግራውንዱ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚርቅበት ባለ አራት ሌየር ቦርድ ላይ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። መስመሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን በዚህ ፍሪኩዌንሲ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም። ከ76 እስከ 81 ጊጋኸርዝ የሚሠራው የመኪና ራዳር ሌላ ዓለም ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነና ተራው ፋይበርግላስ ሲግናሉን ስለሚውጠው፣ ለጀማሪ የሚሻለው አንቴናው አብሮት የተሠራ ሞጁል መግዛት ነው።

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው ብሎ ማመንም ብዙ ቦርድ አቃጥሏል። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ እስከ 6 ቮልት ሊወርድ ይችላል፤ የመኪና ባትሪ ሲደክም ከጭነት መኪና 24 ቮልት የሚያስነሡ ሰዎች አሉ፤ ዲናሞው እየሞላ ሳለ የባትሪው ገመድ ቢላቀቅ ደግሞ፣ ማፈኛ በሌለው ዲናሞ ላይ ቮልቴጁ ለአንድ አፍታ ወደ 100 ይጠጋል። መንገዱ የሚያንገጫግጨውና የባትሪ ማሰሪያው የላላ ባጃጅ ባለበት ከተማ ይህ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ስለዚህ መግቢያው ላይ ለተሽከርካሪ የሚሆን የቮልቴጅ ማፈኛ ዳዮድና ገመድ ተገልብጦ ቢታሰር የሚከላከል ትራንዚስተር ይኑር፤ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሬጉሌተርም ቢያንስ 40 ቮልት የሚችል ይሁን።

ቦታን የመርሳት ስህተትም አለ። ለከፍተኛ ቮልቴጅ በመስመሮች መካከል የሚተወውን የአየር ክፍተት የሚወስኑት ዓለም አቀፍ ሰንጠረዦች የሚያገለግሉት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ታልፋለች፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ መኪናውም በአንድ ጠዋት እዚያ ይደርሳል። በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን ማስገባት ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር የሚነካ ወጣት በዝቷልና፣ ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 እንደሚባዛ ቢታወቅ ጥሩ ነው። የጣና ዳር የክረምት እርጥበትም ብየዳው ላይ ከቀረው ፍላክስ (ለብየዳ የሚያግዝ ሙጫ መሰል ነገር) ጋር ሲገናኝ በተበየዱት ዕቃዎች እግሮች መካከል ከረንት ያሾልካል፤ ቦርዱን በአልኮል ሳያጥቡ መከላከያ ቫርኒሽ መቀባት ደግሞ ቆሻሻውን አሽጎ ማስቀመጥ ነው።

በመጨረሻ፣ በካን፣ ማለትም የመኪና ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ባለ ሁለት ገመድ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው በነደፈው ቦርድ ሁሉ ላይ የ120 ኦም ሬዚስተር የማስቀመጥ ልማድ አለው። ሬዚስተሩ የሚያስፈልገው በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ ነው። ኃይሉን አጥፍቶ በሁለቱ ገመዶች መካከል ሲለካ 60 ኦም መነበብ አለበት፤ 40 ኦም ከተነበበ አንድ ትርፍ ሬዚስተር የሆነ ቦታ ተበይዷል፤ መጀመሪያ የሚፈተሸውም ገና ትናንት የተገጠመው የራሳችን ቦርድ ነው።